ከአሞሌ እስከ ሳንዱቅ፤ በከፋ ምድር የገንዘብ መቍጠሪያ ታሪክ

ስለ ከፋ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቡና መገኛነቷ፥ ስለ ነገሥታቷ ክብርና ስለ ጫካዋ ልምላሜ ነው። ይህ መሆኑ ተገቢ ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን የከፋ ሰው ቡናውን፥ ማሩንና ኮረሪማውን ሸጦ ያገኘውን ሀብት በምን ይቈጥረው ነበር? ያለውንና ያለበትን ዕዳ በምን ለይቶ ያውቅ ነበር? ብሎ የጠየቀ ጸሐፊ እምብዛም አይገኝም። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ በጨና ወረዳ ከተማ በዋጫ አንድ ገበሬ የቡናውን ዋጋ በእጅ ስልኩ ሲቀበል፥ በስልኩ ላይ የሚታየውን ቍጥር ራሱ ለማንበብ መቻሉና አለመቻሉ የቤቱን ኑሮ የሚነካ ጕዳይ ሆኗል። ስለዚህ የገንዘብ መቍጠሪያና ማኖሪያ መሣሪያ ለተጠቃሚው ሲቀል ምን እንደሚሆን፥ ሲከብድስ ምን እንደሚከተል ታሪክን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቀድሞው ዘመን በከፋ ገበያ ይሠራበት የነበረው ዋና ገንዘብ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተፈልጦ፥ በትግራይ በኩል ወጥቶ፥ ጎጃምንና የጊቤን አገሮች አቋርጦ ከፋ እስኪደርስ ድረስ እጅግ ረዥም መንገድ ይጓዛል። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ጨው ከሚፈለጥበት ስፍራ በራቀ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ መዝግቧል። ከፋም በመንገዱ ጫፍ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በዚያ የአሞሌ ክብር ታላቅ ነበር። አሞሌን ለመቍጠር ትምህርት አያስፈልግም፤ አንዱ አንድ ነው፥ ዐሥሩም ዐሥር ነው። ባለቤቱ በቸገረው ጊዜም ያጠራቀመውን ከወጥ ውስጥ ሊጨምረው ይችል ነበር፤ ይህን የሚያስችል ገንዘብ ከዚያ በኋላ አልመጣም። ጕድለቱ ግን ውሃን አለመቻሉ ነው። ከፋ ደግሞ ዝናብ የሚበዛባት አገር ናት። ስለዚህ ሀብቱን በአሞሌ ያኖረ ሰው ከእርጥበት ሲጠብቀው መኖር ነበረበት፤ ጠርዙ የተሸረፈ ወይም የተሰበረ አሞሌ በሙሉ ዋጋው አይሄድለትምና። የዚያ ገበያ ታሪክ ሲነሣም ከቡና፥ ከዝባድና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰው በአሞሌ ይሸጥ ይለወጥ እንደ ነበረ መሸፈን አይገባም።

ከሩቅ የሚመጣው ነጋዴ እንደ ልቡ በከፋ ምድር አይዘዋወርም ነበር። አገሪቱ በጕድጓድ ምሽግና በኬላ የታጠረች ስለ ነበረች፥ የውጭ ነጋዴ ማረፊያው ቦንጋ ነበረች። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1836 ዓ.ም. ገደማ ቦንጋ የደረሰው፥ የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ሙሽራ እንዲያመጡለት ከላካቸው ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ነው። በእንደዚህ ያለው የነጋዴ መንገድ ላይ ከአሞሌ ጋር ጐን ለጐን ሌላ ገንዘብ እየገባ መጣ፤ እርሱም ጠገራ ብር የተባለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው።

ስለ ጠገራ ብር ጥቂት ማተት ይገባል፤ በእኔ አስተያየት ለተጠቃሚው የቀለለ የገንዘብ መሣሪያ ማለት ምን እንደ ሆነ ከእርሱ የበለጠ የሚያስረዳ የለምና። ይህ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት ከሞተች በኋላ እንኳ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚለውን ዓመት ሳይለውጥ ዘመን ከዘመን ይቀረጽ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። የእኛ ሰው በላዩ የተቀረጸውን የላቲን ጽሕፈት አያነብም፤ ዓመተ ምሕረቱንም አያውቅም። ሆኖም ብሩን ሲቀበል የንግሥቲቱን ጌጥ ይመለከት፥ ዕንቍዎቹ ጐልተው መታየታቸውን ይመረምር፥ በደንጊያ ላይም ጥሎ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። ዕንቍው የደበዘዘ እንደ ሆነ አልቀበልም ይላል። እንግዲህ ያልተማረ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ በዓይኑ፥ በጆሮውና በእጁ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለይ ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ ብሩ ሚዛን ሆኖ ያገለግል ነበር፤ የአንድ ብር ክብደት አንድ ወቄት ተብሎ ወርቅና ዝባድ ይመዘንበት ነበር። አንዲት ክብ ብር ገንዘብም፥ ሚዛንም፥ ማኖሪያም ሆነች። በእንስራ ተደርጋ በመሬት ብትቀበርም እንደ አሞሌ አትሟሟም።

ከፋ ነፃ መንግሥት ሆና የቈየችበት ዘመን ያለቀው በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት በ1889 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዘ። ያ ዘመቻ በሕዝቡ ላይ ያደረሰው ጥፋት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ማንሣት የምወደው አንዱን ብቻ ነው። የገባር ሥርዐት ከተዘረጋ በኋላ የከፋ ገበሬ ግብሩና ዕዳው የሚጻፈው በሌላ ሰው ብዕር፥ እርሱ በማያነበው ቋንቋ ሆነ። አሞሌውን ራሱ ይቈጥር የነበረ ሰው፥ በመዝገብ ላይ ያለውን ግን «ይህን ያህል አለብህ» ሲሉት ከማመን በቀር ማረጋገጫ አልነበረውም።

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸውና በመልካቸው በፓሪስ ያስቀረጹት ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበት ነው። ክብደቱ ከጠገራው አያንስም፥ ጽሕፈቱም የራሳችን ፊደል ነው። ቢሆንም ሕዝቡ ዓይኑ የለመደውን አልተወም። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ያወጣው የወረቀት ገንዘብም ከአዲስ አበባና ከጥቂት የንግድ ከተሞች ውጭ ብዙ ተቀባይ አላገኘም። በጊዜው ይህን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች የሕዝቡን አለማወቅ ያሙ ነበር፤ እኔ ግን አለማወቅ አልለውም። ሊመረምረው የማይችለውን ነገር አለመቀበል ጥንቃቄ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ባለሥልጣኖቹ ይህን የሕዝቡን ጠባይ ያሰቡበት ይመስላል። ብሩ ወረቀት ሲሆን ሐምሳ ሳንቲሙ ግን ከእውነተኛ ብር ተሠርቶ ወጣ፤ ማዕድን የለመደ እጅ ወረቀቱን እንዲቀበል ለማግባባት ነው። ከዚሁ ጋር አንድ አስቂኝ ችግር ተፈጠረ። ሃያ አምስት ሳንቲሙ ክብ ሆኖ በመቀረጹ ከሐምሳ ሳንቲሙ ጋር እየተመሳሰለ አስቸገረ። በ1944 ዓ.ም. ገደማ መፍትሔ ሲፈለግ አዋጅ በማብዛትና ሕዝቡን ተጠንቀቅ በማለት አልተወሰኑም፤ የሳንቲሙን ጠርዝ አበባ አስመስለው ቈረጡት። ከዚያ ወዲህ ስሙኒ በጨለማም ቢሆን፥ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮም ቢሆን፥ በጣት ዳሰሳ ይታወቅ ጀመር። ዛሬ መሣሪያ የሚቀርጹ ሊቃውንት ከዚህ ሳንቲም ፊት ቢቀመጡ የሚማሩት ያገኛሉ።

ሕዝቡም በበኩሉ ለአዲሱ ገንዘብ በቀድሞው ስም ተጠቀመ። ሐምሳ ሳንቲምን ሽልንግ ያለው ከ1937 ዓ.ም. በፊት ይሠራበት የነበረውን የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ አስታውሶ ነው፤ አንዱ ብር ሁለት ሽልንግ ይመነዘር ነበርና። ስሙኒ የሚለውም ቃል ከዐረብኛ የመጣ፥ ስምንተኛ እጅ ማለት ነው። መንግሥት በመቶ ከፍሎ የሰጠውን ሕዝቡ በለመደው አከፋፈል ቈጠረው።

በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተለያይተው ሲቋቋሙ የባንክ ሥራ በአገሪቱ እየሰፋ ሄደ። የቁጠባ ደብተር የሚባለው ነገር ግን ለገጠሩ ሰው ሩቅ ነበር። በከተማም በገጠርም ሰፊው ሕዝብ የተጠቀመባቸው መሣሪያዎች ሁለት ናቸው፤ ዕቁብና የባለሱቅ የዱቤ ደብተር። የዕቁብ አሠራር ለሁሉም የታወቀ ስለ ሆነ ማብራራት አያስፈልግም፤ የምናስተውለው ነገር ቢኖር ዕጣው በአባላቱ ሁሉ ፊት መውጣቱ ነው። ጸሐፊው ቢሳሳት ወይም ቢያጭበረብር፥ ማንበብ የማይችለውም አባል ማን እንደ ደረሰውና ማን እንደ ቀረ በቃሉ ያውቃል። መዝገቡ በደብተር ላይ ብቻ ሳይሆን በሰዎቹ ልብ ላይም ነው። የዱቤ ደብተር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቡና ከመልቀሙ በፊት፥ በክረምቱ ወራት፥ ገበሬው ጨው፥ ሳሙናና ስኳር በዱቤ ይወስዳል፤ የሚጽፈው ባለሱቁ ነው፥ የሚያነበውም ባለሱቁ ነው። ቡናው ሲደርስ ሒሳቡ ይተሳሰባል። በዚህ ጊዜ ባለሱቁ ደግ ሰው ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን የገበሬው የዓመት ድካም በአንድ መስመር ጽሕፈት ይሄዳል።

ይህን የብዕር ባለቤትነት ለመለወጥ ከተደረጉት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚያ ዘመን መንግሥት የሚባለው ብዙ ነው፤ ዘመቻው ግን በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲካሄድ አንደኛው ከፋ-ሞቻ ነበር። የከፋ ገበሬ በራሱ ቋንቋ ፊደልና ቍጥር እንዲማር መጽሐፍ ተዘጋጀለት። የተማረው ሁሉ አልዘለቀበትም፤ ብዙው ረሳው። ቢሆንም የግብር ደረሰኙን ገልብጦ የሚያነብ፥ የዱቤውንም ሒሳብ «ቈይ፥ እስቲ ልየው» የሚል ሰው ከዚያ ወዲህ ተገኘ።

እንግዲህ ወደ ዘመናችን እንምጣ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተለውጠው ባለሁለት መቶ ብር አዲስ ኖት ሲወጣ፥ አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከዐሥር ሺህ ብር በላይ የያዘም ሰው በባንክ ሒሳብ እንዲያስገባ ታዘዘ። ቤቱ ያኖረ ሁሉ ወደ ባንክ ደጃፍ ወጣ። ዓመቱ ሳያልቅ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በኩል ኤም ብር፥ በንግድ ባንክም ሲቢኢ ብር ሥራ ላይ ውለው ነበር፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ተጨመረ። ይሁን እንጂ እንደ ቴሌብር የተስፋፋ የለም፤ በ2017 ዓ.ም. ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተነግሯል።

የቴሌብር ሠሪዎች ሁለት ነገር መልካም አድርገዋል። አንደኛ፥ ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ የያዘ ሰው በኮከብ 127 መሰላል ብሎ እንዲገባ መንገድ ከፈቱለት። ሁለተኛ፥ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመሩትን የብድርና የቁጠባ አገልግሎት በቤት ቃል ሰየሙት፤ ብድሩን መላ፥ ሒሳብ ሲያንስ የሚሞላውን እንደኪሴ፥ ቁጠባውን ሳንዱቅ አሉት። ሳንዱቅ ምን እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

የቀረው ነገር ግን ቀላል አይደለም። አገልግሎቱ ሲጀመር የቀረቡት ቋንቋዎች አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ትግርኛ፥ ሶማልኛና እንግሊዝኛ ነበሩ፤ ካፊኖኖ ከእነዚህ ውስጥ አልነበረም። በኮከብና በመሰላል የሚከፈተው ዝርዝር ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየወሰደ ቍጥር ያስመርጣል፤ አንባቢው ቢዘገይ ይዘጋና ከመጀመሪያው ጀምር ይላል። በዚህ ምክንያት በየገጠሩ ስልኩን ለተማሪ ልጅ ወይም ለባለሱቅ ሰጥቶ፥ የምሥጢር ቍጥሩንም አብሮ መናገር የተለመደ ሆነ። ልብ ብሎ ለተመለከተው ይህ የቀድሞው የዱቤ ደብተር መልኩን ለውጦ የመጣ ነው። ገንዘቡ የገበሬው፥ ዓይኑና ጣቱ ግን የሌላ ሰው። ባለጠገራው ሽማግሌ ዕንቍውን ቈጥሮ የሚያረጋግጠውን ያህል እንኳ የልጅ ልጁ በስልኩ ላይ ማረጋገጥ አልቻለም።

ብድሩም እንዲሁ ነው። የከፋ ገበሬ ገቢ በየወሩ እንደሚከፈል ደመወዝ አይደለም፤ ቡናው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ይገባል፥ ከዚያ በኋላ እስከ ክረምት መውጫ መጣበቅ ነው። በወር የሚቈጠር ብድር ለእኔ ቢጤው የመንግሥት ሠራተኛ ይስማማ ይሆናል፤ ለዋጫው ገበሬ ግን የመክፈያው ቀን የሚውለው እጁ ባዶ በሆነበት ወር ነው። መሣሪያውን የሚሠሩት ሰዎች አዲስ አበባ ተቀምጠው ወሩን በሠላሳ ቀን ከመቍጠር ይልቅ አንድ የቡና ዓመት ሙሉ በጨና ወይም በጊምቦ ወረዳ ቢሰነብቱ፥ «የቡና ሽያጭ ሲደርስ» የሚል የመክፈያ ምርጫ ማስገባት ብዙ ድካም እንደማይሆንባቸው ይረዱ ነበር። ሒሳቡን በካፊኖኖ ድምፅ የሚናገር አገልግሎትስ ለምን አይታሰብም? በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ለአሥራ አምስት ቋንቋዎች መጽሐፍ የተዘጋጀው ስልክ ለጥቂት ሰው ብቻ በነበረበት፥ ማተሚያም እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ነው።

ለጊዜው በየከተማው ዕቁብ የሚሰበስቡ ሰዎች መዋጮውን በስልክ መቀበል ጀምረዋል። ስሙንና የከፈለውን ገንዘብ ግን አሁንም በደብተር ይጽፋሉ፤ ዕጣውንም የሚያወጡት አባላቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው።