ስሙ ያልተመዘገበ ሌንስ

አጎቴ በ1970ዎቹ በአሰብ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሲያርፍ ለእኔ የደረሰኝ ርስት ዜኒት ካሜራውና አንድ የፎቶግራፍ አልበም ነው። ከአልበሙ ውስጥ አንዱ ፎቶ እንቅልፍ ይነሣኛል፤ በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ጥላ ሥር የቆሙ አራት ሰዎች። ከጀርባው ስምም ቀንም የለውም። እናቴን ጠየቅኋት፤ አላወቀቻቸውም። ሌላ የሚጠየቅ ሰው አልቀረም።

የካሜራው መዝጊያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሌንሱ ግን ዛሬም ጤነኛ ነው። ሔሊዮስ 44-2 ይባላል፤ ሶቪየቶች የጀርመኑን የዛይስ ቢዮታር ንድፍ ተከትለው የሠሩት ባለ 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ተሰልቷል። የዛሬው የሶኒ ካሜራዬ ግን ሌንሱን የሚጠብቀው በ18 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። የሁለቱን ዘመናት ልዩነት የሚሞላው ውስጡ መስታወት የሌለው አንድ የብረት ቀለበት ነው። ባዶ ርቀት ብቻ!

ካሜራው ይህን እንግዳ አያውቀውም። ያለ ሌንስ እንዲያነሣ ካልፈቀድሁለት አሻፈረኝ ይላል። ጥራቱን በጣቴ እያዞርሁ እፈልጋለሁ። ፎቶው ሲመዘገብም የሌንሱ ስም የሚሰፍርበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በባንክ እንደለመድሁት ሁሉን በደብተር እጽፋለሁ።

ይህን ሌንስ ይዤ አዋሽ ወረድሁ። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ወንዙ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ለማየት እ.ኤ.አ. በ1933 መገባደጃ የተነሣው ከዚሁ ጣቢያ ነበር። በተከታዩ ዓመት አቤ ሐይቅ ደረሰ። የፎቶግራፍ ስብስቡ ዛሬ በኦክስፎርድ፣ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛል። የአጎቴ አልበም ግን በእናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። የታሪካችን መዝገብ ያዘነበለው ወደ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ታየኝ። ጥፋቱን ግን በባዕድ ላይ ብቻ ልጥል አልቻልሁም፤ አጎቴ እርሳስ አላጣም ነበር።

ከዚያ ሰመራ ደረስሁ፤ አጎቴ ሲያልፍ ከተማ ያልነበረች፣ ኋላ አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል መዲና የሆነች። የቀትሩ ፀሐይ በአሮጌው መስታወት ላይ ሲያርፍ ምስሉን ሁሉ ያነጣዋልና እስኪያዘቀዝቅ ጠበቅሁ። ከዳስ ሥር ሻይ የሚጠጡ አንድ አፋር ሽማግሌ ፎቶ ለመነሣት ፈቀዱልኝ። ቀለበቱን ሳዞር ብዙ ቆየሁ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

«ዓይንዎን።»

ሳቁ። ፎቶው ተነሣ። ደብተሬን ሳወጣ ፊታቸው ተለወጠ፤ «ምን ትጽፋለህ?»

«ስምዎን።»

ጥቂት ዝም ብለው ነገሩኝ። ልዘጋው ስል እጄን ያዙና «የአባቴንም ጻፍ፤ የአያቴንም» አሉኝ።

ጻፍሁ። ቀኑንም ከሥሩ አኖርሁ። እነዚያን አራት ሰዎች ልመልሳቸው አልችልም። ቤቴ ስገባ ግን ከፎቷቸው ጀርባ ቢያንስ የማውቀውን አሰፈርሁ፦ አዋሽ ጣቢያ፤ ያነሣው አጎቴ።