እናቱን የወለደ ልጅ፦ የአንድ ማሽንና የተገጣሚ ዕቃዎቹ ታሪክ



የታሪክ መምህር ስለ ማሽን ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ወዲህ ነው። ቴክኒክና ሙያ ተምረው የወጡ ልጆች አሉኝ፤ ብር አጠራቅመው አሮጌ ሚሊንግ ማሽን (ቶርኖ ቤት ፍሬዛ የሚሉትን) ገዝተው ግቢያቸው ውስጥ ሊሠሩ የሚያስቡ። አንዱ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ማሽኑን አገኘሁ። ከተገጣሚ ዕቃዎቹ ግን ብሬ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። የቱን ላስቀድም?» አለኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ይሄ ጥያቄ እኮ ታሪክ ያለው ጥያቄ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቁት፦ ቶርኖ ላይ የሚዞረው ብረቱ ነው። ፍሬዛ ላይ ግን የሚዞረው ቆራጩ ነው፤ ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ታስሮ ወደ ቆራጩ ይሄዳል። ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ሞርሳ፣ ፑንታ የምንላቸው ስሞች ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፍሬዛው ራሱ ግን በዋናነት ያደገው አሜሪካ፣ ጠመንጃ ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። ድሮ «ኢላይ ዊትኒ በ1818 ፈለሰፈው» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች ሲያጣሩ፣ በዚያው ዘመን በርካታ ጠመንጃ ሠሪዎች እየተቀባበሉ ያሳደጉት እንጂ የአንድ ሰው ፈጠራ እንዳልሆነ ታወቀ።

አሁን ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው 1861 ነው። አሜሪካኖች እርስ በርስ ጦርነት ላይ ናቸው። በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ፕሮቪደንስ ከተማ፣ ፍሬድሪክ ሆው የሚባል ሰው የጠመንጃ ሥራ ይመራል። ጠመንጃው ላይ ቀዳዳ የሚበሳው በፑንታ ነው። የፑንታው ጠመዝማዛ ቦይ ደግሞ የሚወጣው በእጅ፣ በክብ ሞረድ እየተሞረደ ነበር። አስቡት፣ ጦርነት ላይ ሆኖ! ሆው ችግሩን ለጆሴፍ ብራውን አማከረው። ብራውንም ሁለገቡን ሚሊንግ ማሽን ሠራ፤ የመጀመሪያው በ1862 ተሸጠ። የማሽኑ ልብ ዛሬ ዲቫይዲንግ ሄድ የምንለው ዕቃ ነው፦ ጠረጴዛው ሲሄድ ብረቱን በልኩ እያዞረ ጠመዝማዛ ቦይ ያስቆርጣል፣ ክብን ደግሞ እኩል ይከፋፍላል።

ሁለተኛው ታሪክ በ1930ዎቹ፣ ኮኔቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ ነው። ሩዶልፍ ባኖውና ማግነስ ዋልስትሮም የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን ስደተኞች ትንሽ ወርክሾፕ ነበራቸው። የሚሠሩት ሙሉ ማሽን አልነበረም፤ ሌሎች ሰዎች ማሽን ላይ የሚገጠም፣ ከላይ ወደ ታች የሚቆርጥ ራስ እንጂ። በ1936 ባኖው «ለዚህ ራስ የሚሆነውን አካል ለምን እኛው አንሠራለትም?» ብሎ አሰበ። በ1938 መሸጥ የጀመረው ብሪጅፖርት ማሽን፣ ዛሬም በየዓለሙ ጋራዥ የሚፈለገው፣ ከዚያ መጣ። ተቀጥላው ቀድሞ ማሽኑ ተከተለ። ልጅ እናቱን ወለደ ማለት ይሄ ነው።

ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፦ ዕቃው ሥራን ተከትሎ መጣ እንጂ ሥራው ዕቃን ተከትሎ አልመጣም።

ስለዚህ ለልጄ የምለው (የቶርኖ ቤት ሰዎችንም ጠይቄ ነው) ይሄ ነው።

አንደኛ፣ ከምንም በፊት የማሽንህ አፍ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቅ። የጥንቶቹ ብሪጅፖርት ራሶች ሞርስ 2 ወይም ብራውን ኤንድ ሻርፕ 7 የሚባል ሾጣጣ ቀዳዳ አላቸው፤ የኋለኞቹ አር 8። የአንዱ መያዣ ለሌላው አይገባም። በርካሽ ያገኘኸው ዕቃ የማይገጥም ከሆነ ብረታ ብረት ነው የገዛኸው።

ሁለተኛ፣ ጠንካራ ሞርሳና የቆራጭ መያዣ ሳይኖር ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ለወፍጮ ቤት ዘንግ የቁልፍ ቦይ ማውጣት ከዚህ በላይ ብዙም አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ደንበኛህን ቁጠር። ጥርሱ የረገፈ ማርሽ ይዞ የሚመጣ ከበዛ ዲቫይዲንግ ሄድ ግዛ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በብዛት ያለው ዓይነት እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ብረቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። 24 ጥርስ ለማውጣት 40ን ለ24 አካፍል፤ አንድ ሙሉ ዙርና ሁለት ሦስተኛ። በ15 ቀዳዳ ክብ ላይ አንድ ዙርና 10 ቀዳዳ ማለት ነው። በክብ ዙሪያ የቡሎን ቀዳዳ የሚያስበሳ ከበዛ ግን ተሽከርካሪ ጠረጴዛ ይሻላል። ሁለቱም ከፍታ ይበላሉና ከቆራጩ በታች ያለውን ክፍተት ሳትለካ ብር አትክፈል።

ሥራው ገና ካልታወቀስ? ብሩን ያዝ። አንድ ዓይነት ሥራ ሦስት ጊዜ መጥቶ ከመለስከው፣ ያኔ ዕቃው ራሱ ስሙን ነግሮሃል። ሆው እንኳ ብራውን ዘንድ የሄደው ምን እንደቸገረው ጠንቅቆ አውቆ ነው።

በሙያው ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉለት፦ መጀመሪያ የገዛችሁት ዕቃ ምን ነበር? ዋጋውንስ በስንት ጊዜ መለሰላችሁ?