ወደ ውጭ አገር ለሚጓዙ፦ የጉዞ መድን የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

ወደ ውጭ አገር መጓዝ የነጋዴና የመንግሥት ኃላፊ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ አርሶ አደር ወላጆች፣ የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ለማክበር የሚጓዙ ምዕመናን፣ ለሐጅና ለዑምራ ወደ መካ የሚያቀኑ ሙስሊሞች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከእነዚህ ተጓዦች ብዙዎቹ የጉዞ መድን የሚገዙት ኤምባሲው ስለጠየቀ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ከቪዛ ማመልከቻው ጋር ከገባ በኋላ ምን እንደሚል የሚያነበው ጥቂት ነው። መድኑ በእውነት የሚፈተነው ግን ተጓዡ በሰው አገር ሲታመም ነው።

የጉዞ መድን ምንድን ነው?

የጉዞ መድን ለተወሰኑ ቀናት የሚጸና የኢንሹራንስ ውል ነው። ተጓዡ አስቀድሞ ዓረቦን ይከፍላል፤ መድን ሰጪው ኩባንያ ደግሞ በውሉ የተዘረዘረ አደጋ ሲደርስ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ወጪውን ይሸፍናል። ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ድንገተኛ ሕክምና ነው። ሁለተኛው ታማሚውን ተገቢ ሕክምና ወደሚያገኝበት ቦታ ወይም ወደ አገሩ ማጓጓዝ ነው። ሦስተኛው ሞት ቢደርስ አስከሬንን ወደ አገር መመለስ ሲሆን፣ አራተኛው የሻንጣ መጥፋትን፣ የበረራ መዘግየትንና የጉዞ መሰረዝን የሚመለከት ነው። ቤተሰብን ለከባድ ዕዳ የሚዳርጉት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በመሆናቸው ውል ሲመረጥ ቅድሚያ ሊታዩ የሚገባቸውም እነርሱ ናቸው።

የአገር ቤቱ ዋስትና ለምን አይበቃም?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ አገልግሎት የሚያገኘው ውል በተገባባቸው የአገር ውስጥ ጤና ተቋማት ነው። መታወቂያው ድንበር ከተሻገረ በኋላ አይሠራም። እድርም ቢሆን የተመሠረተው በሰፈር ለሚደርስ ኀዘን ነው፤ ከሌላ አህጉር አስከሬን ለማምጣት የሚጠየቀውን የሰነድ፣ የሣጥንና የአውሮፕላን ወጪ እንዲሸከም ታስቦ የተቋቋመ አይደለም። በዚህ ምክንያት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አስከሬን ለመላክ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ማየት የተለመደ ሆኗል። የጉዞ መድን ይህን ክፍተት ለመሙላት ይረዳል፤ ለአስከሬን መመለሻ የተመደበው ጣሪያ በቂ መሆኑ ግን ከግዢ በፊት ሊታይ ይገባል።

እንደ መዳረሻው ይለያያል

የሼንገን ቪዛ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥባቸው የአውሮፓ አገሮች መድንን በሕግ ያስገድዳሉ። አመልካቹ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚጸና፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት መመለስንና ሞትን የሚያካትት መድን ማቅረብ አለበት። ተደጋጋሚ መግቢያ ያለው ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በማመልከቻው ጊዜ የሚያቀርበው የመጀመሪያውን ጉዞ ቀናት የሚሸፍነውን መድን ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጉዞ በየጊዜው አዲስ መድን መግባት ይኖርበታል።

አሜሪካ ለጎብኚ ቪዛ መድንን አታስገድድም። ይሁን እንጂ የሕክምና ዋጋ እጅግ ውድ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች የታማሚውን የመክፈል አቅም ሳይጠይቁ አስቸኳይ ችግሩን እንዲመረምሩና እንዲያረጋጉ ያዝዛል። ሕጉ ሕክምናውን ነፃ አያደርገውም፤ ሂሳቡ በኋላ ይመጣል። ልጆች የሚጠቀሙበት የሥራ ቦታ ኢንሹራንስም ለጉብኝት የመጡ ወላጆችን አብዛኛውን ጊዜ አያካትትም። ስለዚህ መድን የማያስገድደው አገር መድን በብርቱ የሚያስፈልግበት አገር ሆኖ ይገኛል።

በእስራኤል የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ የሚያገለግለው የአገሩን ነዋሪ ነው፤ ለተሳላሚነት የሄደ እንግዳ ለሕክምና ራሱ ይከፍላል። ወደዚህ አካባቢ የሚጓዝ ሰው በተለይ የጦርነት አንቀጹን ማንበብ ይጠበቅበታል፤ ብዙ ውሎች በጦርነት ሳቢያ የሚደርስ ጉዳትን ከሽፋን ውጪ ያደርጋሉና።

ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለዑምራ የሚሄድ ተጓዥ ደግሞ የጤና መድን ከቪዛው ጋር ተያይዞ ይሰጠዋል። ተጓዡ ወይም ጉዞውን ያዘጋጀለት ወኪል የመድኑን ቁጥርና የሚደወልበትን ስልክ በወረቀት አትሞ መያዝ አለበት። መድን እንዳለው የማያውቅ ታማሚ ሊጠቀምበት አይችልም።

ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም

በተጓዥና በመድን ሰጪ መካከል አለመግባባት ከሚያስነሡ ጉዳዮች ዋነኛው ይህ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊትና የአስም ሕመም ያለባቸው አዛውንት ተጓዦች ብዙ ናቸው። ርካሽ ውሎች ከጉዞው በፊት የነበረን ሕመምና ከእርሱ የመነጨን ችግር በሙሉ አይሸፍኑም። አንዳንድ ውሎች የነባሩን ሕመም ድንገተኛ መባባስ ብቻ፣ ያውም በዝቅተኛ ጣሪያና በዕድሜ ገደብ ይሸፍናሉ። የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ እናት በጉዞ ላይ በድንገት ራሳቸውን ቢስቱ በሁለተኛው ዓይነት ውል ሊታከሙ ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ዓይነት ግን ሂሳቡ በሙሉ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

በዚህም ምክንያት ቅጹ ሲሞላ ሕመምን መደበቅ ዓረቦንን ቢቀንስም ዋስትናውን ባዶ ያደርገዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል መድን ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን እንዲያስታውቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ሆስፒታሉ የታማሚውን ታሪክ ሲመዘግብ የቆየው ሕመም መገለጡ ስለማይቀር፣ ሐሰቱ የሚታወቀው ገንዘቡ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ተጓዥ ለቆይታው የሚበቃ መድኃኒትና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ማስረጃ በእጅ ሻንጣው ቢይዝ ይበጃል።

ጣሪያና የራስ ድርሻ

ውሎችን ለማወዳደር ዓረቦንን ብቻ ማየት ያሳስታል። ሦስት ቁጥሮች አብረው መታየት አለባቸው። እነርሱም መድን ሰጪው የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን፣ ተጓዡ ቀድሞ ከኪሱ የሚከፍለው ተቀናሽ፣ ከዚያም በኋላ በመቶኛ የሚጋራው ድርሻ ናቸው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ውል ተቀናሽ 500 ዶላር ቢሆንና ከዚያ በኋላ ካለው 5,000 ዶላር ውስጥ ኩባንያው 80 በመቶውን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ በሙሉ የሚከፍል ቢሆን፣ ለ10,000 ዶላር የሆስፒታል ሂሳብ ተጓዡ 500 እና 1,000፣ በድምሩ 1,500 ዶላር ይከፍላል። ቀሪው 8,500 ዶላር የኩባንያው ይሆናል።

ለወላጆች በአሜሪካ ከሚገዙት መድኖች ሌላ ዓይነትም አለ። ይህኛው ለእያንዳንዱ አገልግሎት፣ ለምሳሌ ለአንድ ቀን አልጋ ወይም ለአንድ የሐኪም ምርመራ፣ አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ ይከፍላል። ዓረቦኑ ዝቅተኛ ነው። ሆስፒታሉ ከዚያ መጠን በላይ ቢያስከፍል ግን ልዩነቱ የተጓዡ ዕዳ ነው። በሽፋኑ ርዕስ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር በዚህ ዓይነት ውል ውስጥ እምብዛም ትርጉም የለውም።

ከመፈረም በፊት የሚረጋገጡ ነጥቦች

በመጀመሪያ በመድኑ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የኢትዮጵያ ስሞች በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፉ ስሕተቱ በቀላሉ ይፈጠራል። የትውልድ ቀንም ከኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲቀየር በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መሆን ይገባዋል።

ቀናቱም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ አውሮፕላን በአገራችን አነጋገር የዛሬ ሌሊት ቢባልም በቲኬቱ ላይ የሚጻፈው የነገው ቀን ነው። የመድኑ መነሻና መድረሻ በቲኬቱ ላይ ካሉት ቀናት ጋር መነጻጸር አለበት። በረራ ቢዘገይ ሽፋኑ እንዳይቋረጥ ጥቂት ቀናት መጨመር የሚመከር ሲሆን፣ መንገደኛው ወጥቶ የሚያድርበት የመሸጋገሪያ አገር ካለም በሽፋኑ ውስጥ መግባቱ ይታይ።

ዕድሜ ሌላው ነጥብ ነው። ዓረቦን ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ ብዙ ውሎችም የዕድሜ ጣሪያ አላቸው ወይም ለአዛውንት ሽፋኑን ይቀንሳሉ። በመጨረሻም ቪዛ ቢከለከል ዓረቦኑ የሚመለስበት ሁኔታ ከክፍያ በፊት ይጠየቅ። መድኑ በአገር ውስጥ የሚገዛ ከሆነ ሻጩ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው ኩባንያ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ሕመም ሲያጋጥም

ሕይወትን የሚያሰጋ ሁኔታ ሲፈጠር ቅድሚያ የሚሰጠው ለአምቡላንስና ለቅርቡ ሆስፒታል ነው። ከዚያ ቀጥሎ በመድን ወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው የእርዳታ ስልክ መደወል ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ስልክ የሚመልሰው ከመድን ሰጪው ጋር የሚሠራ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የትኛው ሆስፒታል እንደሚመረጥ ይገልጻል፤ ክፍያውንም በቀጥታ ከሆስፒታሉ ጋር ሊጨርስ ይችላል። አስቸኳይ ላልሆነ ሕክምና ሳይደውሉ ከፍሎ በኋላ ገንዘቡን መጠየቅ የመከልከል አደጋ አለው።

ተጓዡ ከፍሎ ከታከመ ዋናውን ደረሰኝ፣ የሐኪም ሪፖርት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የፓስፖርትና የቲኬት ቅጂ ይዞ መመለስ አለበት። ስርቆት ወይም የመኪና አደጋ ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ ይጨመራል። የካሳ ጥያቄ በውሉ በተወሰነው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል። ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ፣ ከኩባንያው ጋር መግባባት ካልተቻለም ለተቆጣጣሪው ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል።

ሻንጣን በተመለከተ መድን የሌለው መንገደኛም መብት አለው። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በተጎዳ ሻንጣ ላይ አቤቱታ ለአየር መንገዱ በ7 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ዘግይቶ ለደረሰ ሻንጣ ጊዜው ሻንጣው ለባለቤቱ ከቀረበበት ጀምሮ 21 ቀናት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ጉዳዩን ማስመዝገብ ለአየር መንገዱም ለመድን ሰጪውም ዋናው ማስረጃ ነው።

የጉዞ መድን የማይተካቸው

ለታቀደ ሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ የሚሄድ ታማሚ የሕክምናውን ወጪ በጉዞ መድን ሊሸፍን አይችልም፤ የጉዞ መድን የሚመለከተው ያልታሰበን ሕመም ነውና። ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄድ ዜጋም በጎብኚ መድን መተማመን የለበትም። የሥራ ስምሪት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ነው። ሠራተኛው ስለ ሕክምና፣ ስለ አካል ጉዳትና ስለ ሕይወት መድን የሚለውን ክፍል በሥራ ውሉ ላይ አንብቦ ወይም አስነብቦ ሊፈርም ይገባል።

ማንበብ የማይችል ወይም የውጭ ቋንቋ የማያውቅ ተጓዥ ውሉን በሚያምነው ሰው ማስነበብ ይችላል። ሲነበብም ከሚሸፈነው ይልቅ የማይሸፈነውን ዝርዝር ማስቀደም ይጠቅማል። የመድኑ አንድ ቅጂ በተጓዡ ኪስ፣ ሌላው በአገር ቤት በሚቀረው ቤተሰብ ዘንድ፣ ሦስተኛው ተቀባዩ እጅ ይሁን። ተጓዡ መናገር በማይችልበት ሰዓት የእርዳታ ስልኩን የሚደውሉት እነርሱ ናቸው።