ማዘርቦርዱ ሲቀየር ሃርድ ዲስኩ ለምን «ይጠፋል»?

እስቲ አስቡት። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ባለ አንድ ፎቶኮፒ ቤት የኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ተቃጠለ እንበል። ባለሙያው ሌላ ማዘርቦርድ ገጠመና የድሮውን ሃርድ ዲስክ መልሶ ሰካ። ኮምፒውተሩ በራ፤ ስክሪኑ ላይ ግን የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚናገር ጽሑፍ መጣ። የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰው ማመልከቻ፣ የሠርግ ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ታዲያ ጠፋ ማለት ነው?

ብዙውን ጊዜ አልጠፋም። እህሉ ጎተራው ውስጥ አለ፤ የተቀየረው ጠባቂው ነው። ለምን መሰላችሁ? መልሱ ታሪኩ ውስጥ ስላለ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ከራማክ ኮምፒውተር ጋር ያወጣው ነው። እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ! ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ያን ያህል ቦታ ሊወስድ ይችላል።

ዲስኩ አንሶ ጠረጴዛ ላይ ወደሚቀመጠው ኮምፒውተር ሲገባ አንድ ጥያቄ መጣ፦ የዲስኩን ጠባይ ማን ያስታውስ? የዚያ ዘመን ዲስክ ስንት ማንበቢያ ራስ እንዳለው እንኳ ራሱ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1984 (በእኛ ነሐሴ 1976) የወጣው የአይቢኤም ፒሲ/ኤቲ ይህን መረጃ ማዘርቦርዱ ላይ፣ በባትሪ በምትሠራ ትንሽ ሜሞሪ ውስጥ ያዘው። ባትሪው ሲሞት ኮምፒውተሩ ዲስኩን ይረሳል፤ ባለቤቱም ቁጥሩን እንደገና ያስገባል።

እ.ኤ.አ. በ1986 አካባቢ ኮምፓክና ዌስተርን ዲጂታል መቆጣጠሪያውን ወደ ዲስኩ ራሱ አዛወሩት፤ አይዲኢ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ዲስኮች «ማን ነህ?» ሲባሉ መመለስ ቻሉ። ሁለት ነገሮች ግን ማዘርቦርዱ ላይ ቀሩ።

አንደኛው የመነጋገሪያ ስልቱ ነው። ሳታ የሚባለው ገመድ ከመጣ በኋላ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ኤኤችሲአይ የተባለ አዲስ ስልት አወጣ። የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይቸገሩ ግን አይዲኢም አብሮ ቀረ፤ ሬይድ የሚባል ሦስተኛ ምርጫም አለ። በአንዱ ስልት የተጫነ ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ሌላውን ሲመርጥበት ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ሊቆም ይችላል።

ሁለተኛው የአነሳሱ መንገድ ነው። የድሮው የዲስክ አከፋፈል፣ ኤምቢአር፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ2 ቴራባይት በላይ አይሻገርም። አዲሱ ጂፒቲ ይባላል፤ ዩኢኤፍአይ ከተባለው አነሳስ ጋር ይሄዳል። አንዳንድ አዳዲስ ማዘርቦርዶች በድሮው መንገድ ጨርሶ አያስነሱም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ኮምፒውተሩ ሲበራ ዴሊት ወይም ኤፍ2 ተጭናችሁ ወደ ሴቲንጉ ግቡ። የዲስኩ ስም ይታያል? ካልታየ አጥፍታችሁ ገመዱንና የኃይል መስመሩን ፈትሹ። ከታየ የሳታውን ስልት በድሮው ማዘርቦርድ ወደነበረው መልሱ። ካልተነሳ የአነሳሱን መንገድ ቀይራችሁ ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ሰክታችሁ ፋይሉን ቅዱ። በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን የመክፈቻ ቁጥሩን ይጠይቃችኋል፤ ቁልፉን የሚጠብቀው ቺፕ ከድሮው ማዘርቦርድ ጋር ሄዷልና። ስለዚህ ያን ቁጥር ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ከሁሉም በላይ «ኢኒሻላይዝ» ወይም «ፎርማት» ይደረግ ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ አትበሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሴቲንግ ቢሳሳት መልሶ ማስተካከል ይቻላል፤ የጠፋ መመረቂያ ጽሑፍ ግን በቀላሉ አይመለስም።