የፋሲካ አበባ በባሮ ዳር

ባለፈው ሚያዝያ ከአሜሪካ አንድ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። የላከልኝ አብሮ አደጌ ነው። ጋምቤላ ከተማ መሃል፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳንርቅ፣ በአንድ አጥር ተዋስነን ያደግን የኑዌር ልጅ ነው፤ ዛሬ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ሱ ፎልስ በምትባል ከተማ ይኖራል። ፎቶግራፉ ላይ ያለው አንድ አበባ ብቻ ነው፤ ወይን ጠጅ መልክ፣ መካከሉ ቢጫ፣ አገዳውና ቅጠሉ እንደ ጫጩት ገላ በለስላሳ ጸጉር የተሸፈነ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «እዚህ የፋሲካ አበባ ይሉታል። በረዶው ገና ሳያልቅ ይፈካል። እናንተ ዘንድ ቢተከል ይበቅል ይሆን?»

መልሱ አጭር ነው፤ አይበቅልም። ነገር ግን ይህንኑ ለመጻፍ ብዕር ሳነሳ ጥያቄው ወደ እናቴ ጓሮና ወደ ከተማችን ታሪክ ይዞኝ ሄደ። አንባቢ ከታገሠኝ በዚያው መንገድ እወስደዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ አበባው ላውራ። «የፋሲካ አበባ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ያወጣለት ጆን ጄራርድ የተባለ የዕፅዋት አዋቂ ነው። በ1597 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ እንደተናገረው ስሙን የሰጠው አበባው በፋሲካ ሰሞን ስለሚፈካ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የእንግሊዝ ገበሬዎች ግን ምሥጢር አላጡለትም። በጥንት ጦርነት የወደቁ የዴንማርክ ሰዎች ደም ከፈሰሰበት መሬት የበቀለ ነው ይሉ ነበር። የአሜሪካው ዓይነት የዚህ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ደቡብ ዳኮታ በ1903 እ.ኤ.አ. የግዛቷ መለያ አበባ አድርጋዋለች።

አያያዙን የሚያውቁ አትክልተኞች እንደሚሉት ይህ አበባ ፀሐይ ይወዳል፤ ውሃ የሚቋጥር መሬት ይጠላል። ብርድ አይገድለውም፤ ሥሩ ላይ የሚተኛ ውሃ ግን ያበሰብሰዋል። ዘሩ ተለቅሞ ብዙ ሳይቆይ፣ ትኩስ ሳለ ቢዘራ ይመረጣል። ከሁሉም በላይ ሥሩ ወደ ታች ርቆ ስለሚሄድ፣ አንዴ ከጸና ወዲያ ከቦታው ቢያነሱት አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። እንግዲህ ይህን ከጋምቤላ ጋር አስተያዩት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ላይ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ በክረምት ደግሞ የወንዙ ዳር መሬት ውሃ ተኝቶበት ይከርማል። በረዶ የለመደ ተክል እዚህ ምን ይሠራል?

በነገራችን ላይ የአበባው ዘመዶች ከአገራችን አልጠፉም። በድልህና በበርበሬ የምናውቀው ጥቁር አዝሙድ የዚሁ ቤተሰብ ነው። በደጋ አጥር ላይ የሚጠመጠመው አዞ ሐረግም እንዲሁ፤ አበባው ሲረግፍ የሚያወጣውን ላባ መሰል ዘር ያየ ሰው የፋሲካውን አበባ ዘር ቢያሳዩት ዝምድናውን ወዲያው ይለየዋል።

በእኛ ቤት በበዓል አበባ ላይ ፈተና የደረሰው ግን ከዚህ ፎቶግራፍ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እናቴ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከወሎ ተነስተው ወደ ጋምቤላ ከመጡት ሠፋሪዎች አንዷ ናት። ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሀዲያም ብዙ ሰው በዚያው ሰሞን መጥቷል፤ ስንቱን ወባ እንዳስቀረው የደረሰበት ያውቀዋል። እናቴ ከሠፈራው ጣቢያ ወጥታ ከተማ ገባች፣ ቤት ሠራች፣ እኛን ወለደች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘመዶቿን ለመጠየቅ ወሎ ሄዳ ስትመለስ፣ እኛ ልጆች ቆሎና ጭኮ ስንጠብቅ፣ ከመቀነቷ ጫፍ የፈታችው ቋጠሮ የአደይ አበባ ዘር ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ ገባኝ ለማለት ዓመታት ፈጅቶብኛል። እኔና እኩዮቼ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ስለ አደይ አበባ እንዘፍን ነበር፤ በመማሪያ መጽሐፋችን ላይም ሥዕሉ ነበር። አበባውን ግን በዓይናችን አላየነውም። አልፎ አልፎ ከጎሬ መንገድ የሚወርድ ሾፌር አንድ እቅፍ ይዞ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ጠውልጓል። እናቴ ልጆቿ ስለማያዩት አበባ መዝፈናቸው ሳያንገበግባት አልቀረም።

አደይ አበባ የምንለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ በዚህ ስም የሚጠሩት ብዙ ናቸው። ይህን የዕፅዋት ወገን ጠንቅቆ ያጠናው ኢትዮጵያዊው ሊቅ መስፍን ታደሰ ሲሆን፣ ሥራው በ1984 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ላይ ታትሟል። የአደይ አበባ አገሩ ደጋውና ወይና ደጋው ነው። እናቴ ይህን መጽሐፍ አላነበበችም። በሰኔ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ መሬቱን ኮትኩታ ዘራችው። በቀለ። በሐምሌ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ በነሐሴ እንደ ክር ቀጥኖ ተንጋለለ፣ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። መስከረም ሳይጠባ ሞተ። ከአጥራችን ሥር ማንም ያልዘራው ጭጎጎት ግን ልብሳችን ላይ እየተጣበቀ ሲያስለቅሰን ከረመ። ጭጎጎት የአደይ የሥጋ ዘመድ መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው፤ ያን ጊዜ ለእናቴ ብነግራት ኖሮ መሳቋን እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ከተማዋ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ጋምቤላም በወቅት የምትከፈት ከተማ ነበረችና። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት የድንበር ውል፣ እንግሊዞች ባሮ ዳር ኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ድረስ ብቻ የሚጸና ነው ተባለ። ጣቢያው በተግባር የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። ከ1904 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የነበረውን ንግድ የታሪክ ሊቁ ባሕሩ ዘውዴ አጥንተውታል። ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቡና ይወርዳል፤ ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ጨውና ጨርቅ ይመጣል። መርከብ የሚደርሰው ግን ውሃው በሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነው። በመስከረም ደጋው ቢጫ ሲለብስ ባሮ መርከብ ይዟል፤ በፋሲካ ግን ወንዙ ጎድሎ ገበያውም ጭር ይላል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ዕድሜ አበቃና ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

እንግዲህ በዚያ ጭር ባለው ወቅት፣ ሣሩ ሁሉ በተቃጠለበት፣ ከደረቀው መሬት ቅጠል ሳያስቀድም ብቅ የሚል አንድ አበባ አለ። ቀይ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን አበቦች ተሰብስበው የልጅ ጭንቅላት የሚያህል ድቡልቡል ኳስ ይሠራሉ። በአማርኛ የጅብ ሽንኩርት እንለዋለን። ስሙን ያወጣው ሰው ሥሩን እንጂ አበባውን ያየ አይመስለኝም። ፈረንጆቹ በፊት ይጠሩበት የነበረው ሳይንሳዊ ስም ትርጉሙ «የደም አበባ» ነው።

ይህን ያሳዩን ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት የአኙዋ ባልቴት ናቸው። የእናቴን አደይ ሲሞት ሲያዩ ከርመው አንድ ቀን «ይሄ እኮ አገሩ አይደለም» አሉ። በማግሥቱ ሚያዝያ አጥራቸው ሥር ሦስት ቀይ ኳስ ቆሞ አየን። እናቴ ወዲያው ለመንቀል ስትጎነበስ ያዟት። ቅጠሉ እስኪወጣ፣ ቅጠሉም ክረምቱን ጠግቦ ደርቆ እስኪወድቅ መታገሥ ነበረባት። በጥር ሁለት ራስ ቆፍረው ሰጧት። ማንጎው ጥላ ሥር፣ አንገቱ ከአፈሩ እኩል እንዲሆን አድርጋ ተከለችው። በበጋ ውሃ አላጠጣችውም፤ ፍየል እንዳይቀምሰው ዙሪያውን እሾህ አጠረችበት፣ መርዝ አለውና። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ አወጣ፤ እናቴም ተስፋ ቆርጣ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ፈካ፤ ሆሳዕና ገብቶ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ይገጥማል ማለቴ አይደለም። ፋሲካችን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አበባው ደግሞ ባሕረ ሐሳብ አያውቅም፣ የሚቆጥረው ዝናብ ነው። በዚያ ዓመት ግን ገጠመ። እናቴ ከባሮ ዳር የመጣውን ቄጤማ ጎዝጉዛ ቀዩን ኳስ በጣሳ ውሃ አድርጋ መሃል አቆመችው። የመጀመሪያውን ቁራሽ ዶሮ ወጥ ለባልቴቷ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ለአብሮ አደጌ ይህን ሁሉ ጽፌ የዘንድሮውን አበባ ፎቶግራፍ ጨመርኩለት። በሦስተኛው ቀን መለሰልኝ። አጥሩንም አበባውንም አስታውሶታል፤ ኳስ ነው ብለን በእግራችን መትተነው ባልቴቷ በዱላ እንዳባረሩንም አስታወሰኝ። ከዚያ ወደ ሱ ፎልስ አንድ ራስ እንድልክለት ጠየቀኝ። በረዶው ስለሚገድለው በዕቃ ተክሎ ክረምታቸው ሲገባ ውሃ ነስቶ ቤት ውስጥ ማቆየት እንዳለበት ነገርኩት። ተክል ደግሞ ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ድንበር አያልፍም። የኔዘርላንድ አምራቾች እያራቡ እንደሚሸጡት ጨምሬ ጻፍኩለት። ዋጋውን ፈልጎ አየና ደወለልኝ፤ ለረጅም ጊዜ የሰማሁት ሳቁን ብቻ ነው።