ልጁ ሳይናገር ኮከቡ ተናገረ

ለመሆኑ የልጅ ጠባይ ከምን ይቀዳል? ከእናቱ ጡት ነው? ከአባቱ አጥንት ነው? ወይስ ገና አፉን ሳይፈታ ከሰማይ ተጽፎ የወረደ ነው? ቻይናዎች ለዚህ ጥያቄ የዓመት መልስ አላቸው። አሥራ ሁለት እንስሳት በአሥራ ሁለት ዓመት ይፈራረቃሉ፤ በነብር ዓመት የተወለደ ደፋር፣ በበሬ ዓመት የተወለደ ታጋሽ፣ በጥንቸል ዓመት የተወለደ ለስላሳ ይባላል። በዚያ ላይ እንጨት፣ እሳት፣ መሬት፣ ብረትና ውሃ የሚባሉ አምስት ባሕርያት ይጨመሩና ዙሩ በ60 ዓመት ይሞላል።

የኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። ግን ከመሳቁ በፊት የራሱን ጓዳ ይይ።

እኔ ባደግሁበት፣ አዴት ዙሪያ ባለ መንደር አንድ እኩያዬ የሆነ ልጅ ነበር። በተወለደ በዓመቱ አባቱ ሞቱ። ደብተራው የልጁንና የእናቱን ስም ቆጠሩና «ኮከቡ ገፊ ነው» አሉ። ልጁ ጡት እንደጣለ ለአክስቱ ተሰጠ። ወንድሞቹ በናታቸው ምድጃ ዙሪያ ሲያድጉ እሱ በሰው ቤት አደገ። ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ መንደሩም «አያችሁ፣ ኮከቡ እኮ ነው!» ይል ነበር። ለዝምታው ሌላ ምክንያት የፈለገ ሰው ትዝ አይለኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

በአገራችን የዚህ ቆጠራ ዋናው መጽሐፍ «ዐውደ ነገሥት» ይባላል። ድሮ በእጅ እየተገለበጠ፣ ኋላም በማተሚያ ቤት እየታተመ እስከ ገበያ ደርሷል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጥቶታል። የልጁ ስምና የእናቱ ስም ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ኮከቡን ይናገራል። 1 ቢተርፍ ሐመል፣ 2 ሠውር፣ 3 ገውዝ፣ 4 ሸርጣን፣ 5 አሰድ፣ 6 ሰንቡላ፣ 7 ሚዛን፣ 8 አቅራብ፣ 9 ቀውስ፣ 10 ጀዲ፣ 11 ደለዊ፣ ምንም ካልተረፈ ሑት ነው። እነዚህም በአራት ባሕርይ ይከፈላሉ። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት ናቸው፤ ሠውር፣ ሰንቡላና ጀዲ መሬት፤ ገውዝ፣ ሚዛንና ደለዊ ነፋስ፤ ሸርጣን፣ አቅራብና ሑት ውሃ። እሳቱ ቁጡ፣ መሬቱ ታጋሽ፣ ነፋሱ ተለዋዋጭ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ይባላል። የእሳትና የውሃ ባልና ሚስት «ኮከባቸው አይገጥምም» የሚባለውም ከዚሁ ነው።

ስሞቹን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው የመጡበትን መንገድ ያውቀዋል። ሐመል በዐረብኛ በግ ነው፤ አሰድ አንበሳ፣ አቅራብ ጊንጥ፣ ሑት ዓሣ። ዐረቦቹም ከግሪኮች ነው የወረሱት። አራቱን ባሕርያት ኤምፔዶክለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን አስተማረ፤ በጥሊሞስ በግብጽ እስክንድርያ ሆኖ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የከዋክብትን ትርጓሜ በመጽሐፍ አደራጀ፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው አቡ መዕሸር በዐረብኛው ዓለም አስፋፋው። እንግዲህ የጎጃም ደብተራ በደብተሩ የያዘው ነገር፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ከጨለማ የበቀለ የመንደር ቅዠት ብቻ አይደለም፤ በዘመኑ የሠለጠነው ዓለም ሊቃውንት ያመኑበት ትምህርት ነበር። ስሕተትም ቢሆን የተማረ ስሕተት ነው።

ዳሩ ግን መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ አለ። በጥሊሞስ ልጁ የተወለደበትን ሰዓትና የሰማዩን አቋቋም ይጠይቃል። ቻይናው ዓመቱን ይጠይቃል። የኛው ቆጠራ ግን ስም ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚያየው ነገር የለም። ለምን? በገጠራችን የልደት ቀን የሚመዘግብ ስላልነበረ ይመስለኛል። «ጣልያን የገባ ጊዜ»፣ «አንበጣ የመጣ ዓመት» ተብሎ በሚቆጠርበት አገር ሰዓት ከየት ይመጣል? ስም ግን ሁሉም ሰው አለው። እናት ደግሞ የማትካድ ናት፤ ስለዚህ በአባት ሳይሆን በእናት ይቆጠራል።

ታዲያ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። የልጁ ስም 31፣ የእናቱ 26 ቢመጣ ድምሩ 57 ነው፤ በ12 ሲገደፍ 9 ይተርፋል፤ ቀውስ፣ እሳት፣ ቁጡ። ይኸው ልጅ በክርስትና ስሙ ቢቆጠርና ድምሩ በ3 ቢያንስ 54 ይሆናል፤ 6 ይተርፋል፤ ሰንቡላ፣ መሬት፣ ታጋሽ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ያለቀሰውም ልቅሶ ያው ነው። እናቱ በአንድ ስም፣ አያቱ በሌላ ስም፣ ቄሱ በሦስተኛ ስም ቢጠሩት ሦስት ጠባይ ሊኖረው ነው ማለት ነው። እንዴት ያለ ነገር ነው!

ይህን የሚያውቁ ሊቃውንት የሉንም እንዳይባል፣ አሉን። እዚያው ቤተ ክህነት ውስጥ ባሕረ ሐሳብ አለ። እሱም ይደምራል፣ እሱም ይገድፋል። 5500 እና 2018 ሲደመር 7518፤ በ4 ሲገደፍ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እንደ ቻይናዎቹ እንስሳት ይፈራረቃሉ። ግን የባሕረ ሐሳብ ቀሪ ከፀሐይ ጋር ይመሳከራል፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ቢሳሳት ዘመን ከክረምትና ከበጋ ጋር ይጣላል። የስም ቆጠራው ቀሪ ግን ከምንም ጋር አይመሳከርም። ልጁ ቢቆጣ «ኮከቡ ነው»፤ ባይቆጣ «ውስጡን ማን ያውቃል?» ይባላል።

ነገሩን በጉልበት ለማጥፋት የሞከሩም ነበሩ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጠንቋይና በአስማተኛ ላይ ብርቱ ዘመቻ አድርገዋል፤ ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን በአካሉ ላይ እንዲጽፍ አዘዙ፤ ደስክና ዲኖ የሚባሉ ጣዖታትን አምልከዋል ተብለው የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ መቀጣታቸውን ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ጎጃምን የጎበኘው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1930 እ.ኤ.አ. የአንድ ደብተራን የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳተመ። ዐዋጁ አልፎ ደብተሩ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ለምን ቀረ ቢባል፣ ደብተራውን የጠራው ፍርሃት ስላልተነካ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. እንኳ በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1000 ልጆች 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን አስቡት። የኛን አገር ስሞች ስሙ፦ ቢያድግልኝ፣ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ። እነዚህ የሞተ ወንድም ወይም እህት ያለባቸው ስሞች ናቸው። ሁለት ልጅ ቀብራ ሦስተኛውን የታቀፈች እናት የምትጠይቀው ስለ ኮከብ ሳይሆን «ይኖርልኛል ወይ?» ብላ ነው። ሐኪም በሌለበት መልስ የሚሰጣት ደብተራው ብቻ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚሁ ከኛው አካባቢ፣ ከማንኩሳ የሚነሣው በከንቱ አይደለም፤ በዛብህም በልጅነቱ ሲታመም ወላጆቹ በተሳሉት ስለት ዕድሜ ልኩን ታስሯል። ወላጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ፈርተው ነው።

ይህ ግን የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስለን። የቻይናው ቆጠራ በተሻገረባት በጃፓን «የእሳት ፈረስ» ዓመት የተወለደች ሴት ባሏን ታጠፋለች ይባላል። ያ ዓመት በ1966 እ.ኤ.አ. ሲደርስ፣ ፈጣን ባቡር በሠራች አገር፣ በ1965 ወደ 1.82 ሚሊዮን የነበረው ልደት ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረደ። ሴት ልጅ ገና ሳትፀነስ በጠባይዋ ተፈረደባት። ፋብሪካና ትምህርት ቤት ብቻውን ፍርሃትን እንደማይነቅል ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ደብተራን መሳደብ ቀላል ነው፤ እኛ ተማሪዎች እሱን እንችልበታለን። ደብተራው ግን እናትን «ልጅሽ እሳት ነውና ታገሺው» ሲላት አንድ ደግ ነገር ነግሯታል፤ ልጆች ሁሉ በአንድ መለኪያ እንደማይሰፈሩ ነግሯታል። ይህ ይያዝ። መጣል ያለበት ፍርዱ ነው፤ በአንድ ቀሪ ቁጥር ልጅን ከናቱ ምድጃ የሚያስነሣው ፍርድ።

አዴት የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ የስንዴን ወይም የጤፍን ጠባይ ማወቅ የፈለገ ሰው ስሙን አይቆጥርም። ዘርቶ፣ ውሃና አፈር ሰጥቶ፣ ከክረምት እስከ መኸር ተቀምጦ ያያል። ለአንዲት ፍሬ የሰጠነውን ትዕግሥት ለልጅ መንፈግ ያሳፍራል።

ያ ዝምተኛ እኩያዬ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ባለፈው ስንገናኝ ታናሽየው ልጁ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ያለማቋረጥ ታወራ ነበር። «የሷን ኮከብ አስቆጠርከው?» አልኩት በቀልድ። አልሣቀም። «አላስቆጠርኩም። እሷው ትንገረኝ ብዬ ነው» አለኝ።