ታህቱ ያረጀ መቶኛ

ኢትዮጵያ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራው በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም፣ ለ2010 የታቀደው አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዘመ።

በኮልፌ ቀራኒዮ በአንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከ100 በመቶ ያለፈ የክትባት ሽፋን ተለጥፎ አይቻለሁ። ማንም አላጭበረበረም። ላዕሉ አንድ በአንድ የተቆጠሩ የተከተቡ ሕፃናት ናቸው፤ ከጎረቤት ወረዳ የመጡም አይጠፉም። ታህቱ ግን አዲስ አበባን 2,739,551 ሰው ብሎ ከመዘገበው ከ1999ኙ ቆጠራ የተነሣ ትንበያ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመሐል ከተማ የተነሣው፣ ከክልል የመጣው ስንቱ ወደ ምዕራቡ ዳር ሰፍሯል!

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከ100 ያለፈው አይደለም፤ እርሱ ራሱን ያጋልጣል። የሚያስጨንቀኝ 95 የሚለው ነው። ማንም አይጠይቀውም፤ በትንበያው ያልታሰበው የተከራይ ልጅ ሳይከተብ ቢቀር ሽፋኑን ቅንጣት አያጎድለውም።